የወንበር መጋጠሚያ ለምን ይላላል? የትኛውስ ይጠነክራል?

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ለምግብ ቤቶች ከዋንዛ ወንበር እሠራለሁ። አግዳሚውን ከእግሩ ጋር የምገጥመው ባለ 10 ሚሊ ሜትር በሆኑ ሁለት ክብ የእንጨት ችንካሮችና በነጭ ኮላ ነው። ወንበሮቹ ከቤቴ ሲወጡ ንቅንቅ አይሉም፤ ዓመት ሳይሞላቸው ግን የኋላ እግራቸው ላይ ይላላሉ። መጋጠሚያዎችን እየሰበሩ የሚያወዳድሩ ቪዲዮዎችን ተመልክቼ ይበልጥ ግራ ተጋባሁ። በአንዱ ግማሽ በግማሽ ተነባብሮ የተገጠመው ሁሉንም ይበልጣል፤ በሌላው ደግሞ ያለ ችንካር በኮላ ብቻ የተጣበቀው ከእንጨቱ ከራሱ ይጠነክራል ይባላል። ለመሆኑ ከሁሉም የሚጠነክረው የትኛው ነው? ወንዴና ሴቴ መሥራትስ ለሚፈጀው ጊዜ ያዋጣል?»

ጤና ይስጥልኝ። መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎት፤ የኋላ እግርና የጎን አግዳሚ ለሚገናኙበት ቦታ ወንዴና ሴቴ (የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ወጥቶ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባበት መጋጠሚያ) የተሻለ ነው፤ የሚፈጀውንም ጊዜ ይክሳል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከተሠራ እሱም ይላላል፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ አሁን በሚጠቀሙበት ችንካር እንኳ ከእስካሁኑ የተሻለ ወንበር መሥራት ይቻላል። ስለዚህ «ከሁሉም የሚጠነክረው የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ «ከየት በኩል ለሚመጣ ኃይል፣ ስንት ጊዜ ለሚደጋገም ጫና፣ ምን ያህል ለደረቀ እንጨት?» ብለን ዘርዝረን ብንመለከተው፣ ቪዲዮዎቹ እርስ በርሳቸው የተጣረሱ የመሰለዎት ነገር ይፈታል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከእንጨቱ ጅማት ነው። እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ግንድ በቁመቱ ሲፈለጥ በጥቂት ምት ይከፈላል፤ ያንኑ ግንድ በወገቡ ለመቁረጥ ግን ብዙ ላብ ያስፈልጋል። እንጨት ጎን ለጎን የተጣበቁ የረጃጅምና የቀጫጭን ቱቦዎች ስብስብ በመሆኑ፣ ቱቦዎቹን በቁመታቸው ስቦ መበጠስ አንዱን ከሌላው ከማላቀቅ ይልቅ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ሁለት እንጨቶች ማዕዘን ሠርተው ሲገናኙ የአንዱ ጫፍ በሌላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ፣ ይህ ጠንካራ አቅጣጫ መጋጠሚያው ላይ ይቋረጣል። እኛ አናጺዎች ጉድጓድ የምንቆፍረው፣ ምላስ የምናወጣው፣ ችንካር የምንመታው የተቋረጠውን አቅጣጫ በተቻለ መጠን ለማስቀጠል ነው። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ የለውም፤ የሚላላ ነገር የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመመገቢያ ወንበርን ግን እንዲህ ልንፈለፍለው ስለማንችል መጋጠሚያን ጠንቅቀን ማወቅ ግድ ይሆንብናል።

ኮላ ብቻውን ከእንጨት ይበልጣል የሚለው ቪዲዮ ሐሰት አላሳየም፤ የተሳሳተው ከሙከራው የሚወሰደው ድምዳሜ ነው። ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲሰበሩ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከኮላው መስመር አጠገብ ያለው እንጨት ነው፤ እንጨት በጎኑ ደካማ ስለሆነ ደህና የእንጨት ኮላ በቀላሉ ይበልጠዋል። ጫፍ ለጫፍ የተጣበቁ እንጨቶች ደግሞ በእኩል ስፋት ሲፈተኑ ጎን ለጎን ከተጣበቁት የበለጠ ክብደት ሊሸከሙ ይችላሉ፤ በጎን በኩል የሚሰነጠቅ ጅማት እዚያ የለምና። ይህን ያየ ሰው «ጫፍ በኮላ አይያዝም የሚባለው የቆየ አባባል ስሕተት ነው» ብሎ ቢደመድም አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ መጋጠሚያ ሊወዳደር የሚገባው ከደካማው ጎን ጋር ሳይሆን፣ ሳይቆረጥ በቁመቱ ከሚሄደው እንጨት ጋር ነው፤ በዚያ መለኪያ ጫፉ ላይ የተጣበቀው የሙሉውን እንጨት ጥቂት ክፍልፋይ ያህል ብቻ ይሸከማል። ወንበር ላይ የሚመጣው ኃይል ደግሞ አግዳሚውን በሙሉ ርዝመቱ እንደ መፈንቀያ ስለሚጠቀምበት፣ ያ ክፍልፋይ አይበቃውም። በዚህ ላይ የተቆረጠ ጫፍ ኮላ መጣጭ ነው፤ ቀድመው ስስ ኮላ አሽተው ጥቂት ደቂቃ ካልጠበቁትና ዳግመኛ ካልቀቡት በስተቀር ጫፉ ኮላውን ወደ ውስጥ ስቦ መጋጠሚያውን ባዶ ያስቀረዋል።

ግማሽ በግማሽ ተነባብሮ የሚገጠመውም (ሁለቱም እንጨቶች እስከ ግማሽ ውፍረታቸው ተሸርፈው የሚነባበሩበት) በመስበሪያ ሙከራዎች ላይ ከፊተኞቹ ተርታ መሰለፉ እውነት ነው፤ ከወንዴና ሴቴ እኩል፣ አንዳንዴም በልጦ ይገኛል። ምስጢሩ የኮላው ፊት ስፋት ነው። ስፋታቸው 6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶች እንዲህ ሲነባበሩ 36 ሳንቲ ሜትር ካሬ የሚሆን፣ ጎን ከጎን የተጣበቀ ፊት ይገኛል፤ ሙከራውም ማዕዘኑን በዚያው ፊት ልክ ለመክፈት ወይም ለመዝጋት የሚገፋ ስለሆነ ለመጋጠሚያው እጅግ የሚመች ነው። ነገር ግን ያው መጋጠሚያ አንዱን ገጽ ከሌላው ገልጦ ለማላቀቅ በሚሞክር ኃይል ቢፈተን ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወንበርን እግር መሐል ላይ እስከ ግማሹ ድረስ መሸረፍ፣ ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ እጅግ የሚጨነቀውን ቦታ በገዛ እጅ ማዳከም ነው። ስለዚህ ለመስኮትና ለካቢኔ በር ፍሬም፣ ለአልጋ ርብራብ መስቀለኛም መልካም መጋጠሚያ ነው፤ ለወንበር የኋላ እግር ግን አልመርጠውም።

አሁን ወደ ወንበርዎ እንመለስ፤ ሰው ወደ ኋላ ሲለጠጥ መጋጠሚያው ምን ያህል እንደሚሸከም በግምት እናስላ። ተቀማጩ የመደገፊያውን ጫፍ በ30 ኪሎ ኃይል ቢገፋ፣ ጫፉም ከአግዳሚው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የመፈንቀያው ኃይል 30 በ45 ሲባዛ 1350 ኪሎ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በቀኝና በግራ መጋጠሚያዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 675 ይደርሰዋል። የአግዳሚው ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከሚጨመቀው ጠርዝ እስከሚሳበው ችንካር ያለው ርቀት 3.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 675 ለ3.5 ሲካፈል ያንን አንድ ችንካር ከጉድጓዱ ነቅሎ ለማውጣት የሚስበው ኃይል ወደ 190 ኪሎ ይደርሳል። ሠላሳ ኪሎ ገፍቶ 190 ኪሎ መጎተት ማለት ነው። አግዳሚውን ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርጉትና ርቀቱ 5.5 ቢሆን ግን ስበቱ ወደ 120 ኪሎ ይወርዳል። ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንጨት በመጨመር ብቻ የመጋጠሚያውን ጭንቀት ከሲሦ በላይ ቀነሱለት ማለት ነው። ለዚህም ነው ወንበር የሚሠራ ሰው ከመጋጠሚያው ዓይነት በፊት የአግዳሚውን ቁመት እንዲጠይቅ ሁልጊዜ የምመክረው፤ ቀጭን አግዳሚ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው መጋጠሚያው ነው።

ችንካር ለምን ያንሳል? ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ችንካሮች 3 ሳንቲ ሜትር ጠልቀው እግሩ ውስጥ ሲገቡ፣ ዙሪያቸው ተደምሮ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ነገር ግን ቀዳዳው የተበሳው የእግሩን ጅማት አቋርጦ ስለሆነ፣ የቀዳዳው ግድግዳ ግማሹ የተቆረጠ የጅማት ጫፍ ነው፤ በደንብ የሚይዘው በቀኝና በግራ ያለው ግማሽ ብቻ ስለሆነ በተግባር የሚተማመኑበት ከ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ አይበልጥም። አግዳሚው ውስጥ ያለው የችንካሩ ክፍል ደግሞ ከጅማቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ዙሪያውን በደንብ ይያዛል። የላላ ወንበር ሲፈታ ችንካሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአግዳሚው ጋር ተተክለው የሚቀሩትና ከእግሩ ብቻ ተነቅለው የሚወጡት በዚህ የተነሣ ነው። በአንጻሩ ቁመቱ 6፣ ጥልቀቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምላስ በሁለት ጉንጮቹ (በሰፋፊ ጎኖቹ) 42 ሳንቲ ሜትር ካሬ የሚያክል፣ ጎን በጎን የሚያርፍ ፊት አለው፤ ከችንካሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ በስፋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ችንካር የሚታገለው በአንድ ነጥብ ላይ ተስቦ ላለመነቀል ሲሆን፣ ምላስ ግን በሰፊ ጉንጩ ላይ ላለመሽከርከር ይታገላል፤ ኃይሉም በሙሉ ፊቱ ላይ ይበተናል፣ የአግዳሚው ትከሻም (በምላሱ ዙሪያ የሚቀረው ደረጃ) ከእግሩ ጋር ተገናኝቶ ግፊቱን ይቀበላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምግብ ቤት የላሉ ወንበሮችን እንድጠግን አምጥቶልኝ ነበር። አንዱን በእጄ ወዝወዝ አድርጌ ስስበው የጎን አግዳሚው ሁለት ችንካሮቹን ይዞ ከእግሩ ወጣ። የላይኛውን ችንካር ወደ ብርሃን አቅርቤ ሳየው በቀኝና በግራ ጎኑ የዋንዛው ቡናማ ጅማት ቀጫጭን ሆኖ ተጣብቆበታል፤ ከላይና ከታች ግን እንደ ጥፍር የሚያብረቀርቅ፣ ምንም እንጨት ያልያዘ የኮላ ሽፋን ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ስመለከት ክብ የነበረው ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ እንቁላል መስሏል፤ ታችኛው ላይ የኮላ ጠብታ ደርቆ ቁልቁል ተቀምጧል። ይህ መጋጠሚያ በአንድ ቀን የተሰበረ አልነበረም፤ ከብዙ ወራት በፊት ከላይና ከታች ተላቅቆ፣ ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ጎኖች ብቻ ተንጠልጥሎ የኖረ ነበር። የእርስዎንም አንዱን የላላ ወንበር ፈትተው እንዲህ ቢመረምሩት ከእኔ መልስ የበለጠ ያስተምርዎታል። እንጨቱ ተቀድዶ ከወጣ ኮላው ሥራውን ሠርቷል፣ የጎደለው መጠን ነው፤ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ የኮላ ፊት ካዩ ደግሞ ችግሩ የኮላው አቀባብ፣ የእንጨቱ እርጥበት ወይም የጉድጓዱ ልክ ነው።

ቪዲዮዎቹ ፈጽሞ ሊያሳዩት ያልቻሉት ነገር ጊዜ ነው። ሙከራው መጋጠሚያውን በተሠራ በማግስቱ አንድ ጊዜ ገፍቶ ይሰብረዋል፤ የምግብ ቤት ወንበር ግን በየቀኑ ብዙ ጊዜ በመጠነኛ ኃይል ይገፋል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የቤት ዕቃ ጥንካሬን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ካርል ኤከልማን ወንበርን እንደ ሕንጻ አስልቶ መንደፍ እንደሚገባ ያስተማሩ ሲሆን፣ አንዱ የፍተሻ ዘዴያቸው ኃይሉን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ በእያንዳንዱ ደረጃ ደጋግሞ መግፋት ነው። እንዲህ ሲፈተን አንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ የሚሸከም መጋጠሚያ ሁሉ በድግግሞሽ እኩል እንደማይጸና ይታያል። በአንድ ግፊት የማይሰበር ችንካር በየቀኑ ጥቂት ከተነቃነቀ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀስ በቀስ ይጨፈልቀዋል፤ ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ በኋላ እያንዳንዱ ግፊት የመዶሻ ምት እየሆነ ይሄዳል።

ከድግግሞሹ ጋር ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ። እንጨት እርጥበት ሲስብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ርዝመቱ ግን ለዓይን በማይታይ መጠን ብቻ ይለወጣል። የብዙ እንጨቶች ስፋት እርጥበታቸው በ1 ከመቶ በተለወጠ ቁጥር በግምት ከ0.2 እስከ 0.3 ከመቶ ስለሚለወጥ፣ 7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አግዳሚ እርጥበቱ በ4 ከመቶ ቢቀንስ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ምላሱ የሚገባበት እግር ግን በዚያ አቅጣጫ ርዝመቱ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። አንዱ ሲጠብ ሌላው ባለበት የሚቆምበት ይህ ፍጭት በኮላው መስመር ላይ በየዓመቱ ይደገማል። ክቡም ችንካር ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይጠብ ክብነቱን ያጣል።

የመሥሪያ እንጨትዎ ሳይደርቅ የመጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እርጥበቱ 20 ከመቶ የሆነ ዋንዛ ተገጥሞ በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ወደ 11 ከመቶ ቢወርድ፣ ያው 7 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይጠባል፤ ይህን የሚችል መጋጠሚያ አላውቅም። በእኔ ግምት ዓመት ሳይሞላቸው ለሚላሉት ወንበሮችዎ ከችንካሩ እኩል ተጠያቂው ይኸው ነው። የእርጥበት መለኪያ ባይኖርዎት እንኳ በትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ማወቅ ይችላሉ፦ ከጣውላው መሐል ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ይመዝኑ፣ ከ100 ዲግሪ ብዙም በማይርቅ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት፣ እንደገና ይመዝኑት፤ የቀነሰውን ለደረቀው ክብደት ያካፍሉ። 120 ግራም የነበረው 105 ከሆነ፣ 15 ለ105 ሲካፈል 14 ከመቶ ገደማ ነው፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ10 እስከ 12 ከመቶ እስኪደርስ ቢጠብቁ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ከዋንዛ ይልቅ የሚጠብና የሚጣመም ስለሆነ ትዕግሥቱ መጨመር አለበት።

አባቶቻችን ያለ ኮላ ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት የጠፍር አልጋን ማየት ይበቃል። የአልጋው እግር ይበሳል፣ የጎንና የራስጌ አግዳሚዎች ምላሳቸው ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ የቆዳ ጠፍር ከዳር እስከ ዳር ይወጠርበታል። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ በእግሩ ላይ የሚያርፉት ምላሶች ዘወትር ተጨምቀው ይኖራሉ። ሰው በተኛበት ቁጥር ጠፍሩ ይበልጥ ይስባል፤ ጫናው መጋጠሚያውን የሚያላቅቅ ሳይሆን የሚያጠብቅ ሆነ ማለት ነው። አልጋው የላላ እንደሆነ ጠፍሩን ዳግመኛ መወጠር ይቻላል። ለአናጺ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መጋጠሚያን የምናጠነክረው የያዥውን ኃይል በመጨመር ብቻ ሳይሆን የጫናውን አቅጣጫ በመምራት ጭምር ነው።

ይህን ይዘን ለወንበርዎ የምመክረውን ልግለጽ። እግሩ 4 በ4.5 ሳንቲ ሜትር፣ አግዳሚው 2.5 በ7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ምላሱን የአግዳሚው ውፍረት ሲሦ ያድርጉት የሚለው የተለመደ ደንብ ሁለቱም እንጨቶች እኩል ለሆኑበት ቦታ የተባለ ነው፤ እዚህ እግሩ ስለሚወፍር ምላሱን ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማድረስ ይቻላል። ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከላይና ከታች ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ትከሻ ጉድጓዱን ይሸፍንለታል። ጥልቀቱን 3.5 ያድርሱት፤ ጥልቀትና ቁመት ሲጨምሩ ጥንካሬው በግልጽ ይጨምራል፣ ውፍረት ግን ምላሱ ራሱ የማይሰበርበት መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ ብዙም አይጨምርም። ከጎን የሚመጣውና ከኋላ የሚመጣው አግዳሚ እግሩ ውስጥ ስለሚገናኙ፣ ምላሶቹ እንዳይጋጩ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያድርጓቸው፤ ካልሆነም የምላሶቹን ጫፍ በ45 ዲግሪ ቆርጠው ያስተላልፏቸው። ጉድጓዱ ከእግሩ ጫፍ ጋር የሚቀራረብበት የፊት እግር ላይ፣ ቢያንስ 1.5 ሳንቲ ሜትር እንጨት ከላይ ይተዉለት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ልኩን በእጅዎ ይወቁት። ምላሱ በእጅ ግፊት መግባት አለበት፣ ተገልብጦ ሲያዝ ግን ወድቆ መውጣት የለበትም። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም የሚል ምላስ ኮላውን ጠርጎ ወደ ታች ይገፋዋል፣ እግሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ልቅ የሆነው ደግሞ ይብሳል፣ ነጭ ኮላ ክፍተት ሞልቶ አይሸከምምና። ከመጋዝ በኋላ የቀረውን በመሮ ወይም በመላጊያ ማስተካከል እንጂ ጉንጮቹን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አልወድም፤ ጠርዙን ያከብበውና መሐሉ ብቻ እንዲነካ ያደርገዋል። ኮላውን ምላሱ ላይም ጉድጓዱ ውስጥም ይቀቡ። በሞርሳ ሲያጠብቁ ትከሻው ዙሪያውን መዘጋቱን ይዩ፤ ከዚያም እስከ ማግስቱ አይጫኑት።

አንድ ነገር በተለይ ላሳስብ፦ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነጭ ኮላ በደንብ አይያያዝም፤ ደርቆ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ከሆነ ሥራው ከሽፏል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዚያ በታች ስለሚወርድ፣ ማታ ገጥሞ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማሳደር ለጥፋት ይዳርጋል። በእነዚያ ወራት ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ይግጠሙ፣ እንጨቱና ኮላውም ሌሊቱን ሞቅ ካለ ቦታ ይደሩ።

ኮላ ቢከዳ እንኳ ወንበሩ እንዳይፈታ ከፈለጉ፣ ምላሱን በጎን በኩል በሚያልፍ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የወይራ ችንካር ይቆልፉት። የእግሩን ቀዳዳ ቀድመው ይብሱ፤ ምላሱን አስገብተው የቀዳዳውን ቦታ ምላሱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም የምላሱን ቀዳዳ ወደ ትከሻው በ1 ሚሊ ሜትር አስጠግተው ይብሱት። ጫፉ የሾለ ችንካር ሲመታ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ልዩነት ምላሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጠፍሩ ለአልጋው እንደሚያደርግለት ያለ ሥራ ነው። ምላሱ እግሩን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ሰንጥቆ ሽብልቅ መምታት ይቻላል፤ ጉድጓዱ ወደ ውጭ በኩል ጥቂት መስፋት አለበት፣ ሽብልቁም የእግሩን ጅማት ለመሰንጠቅ በሚገፋበት አቅጣጫ መግባት የለበትም።

ስለ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች በአጭሩ፦ ብሎን ብቻውን አግዳሚው ጫፍ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው በተቆራረጡ ጅማቶች ስለሆነ ከጎን ሲገባ ከሚይዘው ያንሳል፤ ወንበር ላይ ብዙም አይቆይም፣ ሞርሳ በሌለበት እስኪደርቅ ለመያዝ ግን ይጠቅማል። በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በኮላ የሚጣበቅ ማዕዘን ውበት እንጂ ጥንካሬ አይጠበቅበትም፤ ጥንካሬ ከተፈለገ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ ሌላ ቀጭን እንጨት ይግባበት። እንደ ርግብ ጅራት ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄደው ዶቭቴል ለመሳቢያ ወደር የለውም፤ መሳቢያ የሚሳበው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቅርጹ ራሱ ይከለክለዋል። ለቺፑድና ለኤምዲኤፍ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም፤ ጅማት ስለሌላቸው ምላስ ቢያወጡላቸው ይፈረፈራል፣ ለእነሱ ችንካርና የራሳቸው ብሎን ይሻላቸዋል።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ ወንዴና ሴቴን በመሮና በእጅ መጋዝ ብቻ መሥራት ለብዙ ወንበር ከባድ መሆኑን አልክድም። መካከለኛ መንገድ አለ፦ ምላስ ከአግዳሚው ላይ ከማውጣት ይልቅ፣ እግሩም አግዳሚውም ላይ እኩል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለብቻው የተዘጋጀ ጠፍጣፋ ምላስ በሁለቱ መካከል ማስገባት ነው። ጉድጓዶቹን በአንድ ማስያዣ ላይ በራውተር (እንጨት በሚቦረቡር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ማውጣት ይቻላል፤ ምላሱም ረጅም ሆኖ ተልጎ በኋላ ይቆራረጣል። መጠኑ እኩል ከሆነ ጥንካሬው ከመደበኛው ምላስ ብዙም አይርቅም። ለጊዜው በችንካር መቀጠል ግድ ከሆነብዎት ደግሞ አግዳሚውን ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፣ ችንካሩን ሦስት ያድርጉት፣ ወደ እግሩ የሚገባውን ክፍል እስከ 3.5 ያጥልቁት፣ ሁለቱን የዳር ችንካሮች በተቻለ መጠን ያራርቋቸው፣ ኮላ የሚያስተነፍስ ጭረትም ያውጡላቸው። ከታች በኩል እግሮቹን የሚያያይዝ ሁለተኛ አግዳሚ መጨመር ደግሞ በሁለቱም ዘዴ የላይኛውን መጋጠሚያ ጫና ጉልህ በሆነ መጠን ያቀልለታል።

የእኔን ቃል ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ፣ ከአንድ ጣውላ ሦስት ጥንድ ናሙና ይሥሩ፦ አንዱን አሁን በሚሠሩበት በሁለት ችንካር፣ አንዱን በሦስት ችንካር፣ አንዱን በወንዴና ሴቴ። እግሩን በሞርሳ አጥብቀው፣ ከመጋጠሚያው በ35 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከአግዳሚው ላይ ያንጠልጥሉ፤ 20 በ35 ሲባዛ 700 ስለሚሆን፣ ቀደም ሲል ካሰላነው የአንድ መጋጠሚያ ጫና ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ አንጠልጥለው አያቁሙ፤ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መቶ ጊዜ፣ ከዚያም አግዳሚውን ገልብጠው መቶ ጊዜ ይድገሙት፤ በየመሐሉ በትከሻው መስመር ላይ ቀጭን ወረቀት ይገባ እንደሆነ ይሞክሩ። ወረቀቱ መጀመሪያ የሚገባበት ናሙና የትኛው እንደሆነ ይመዝግቡ፤ በመጨረሻም ሦስቱንም ሰብረው በተሰበረው ፊት ላይ እንጨት ይሁን ኮላ የሚታየው ይመርምሩ።

በተጨማሪ፣ የአግዳሚዎን የአሁኑን ቁመትና እንጨቱ ከተገዛ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ቢገልጹልኝ፣ ልኩን ለእርስዎ ወንበር በሚስማማ መልኩ አስልቼ እመልስልዎታለሁ።